ከሕያዋን ጋር የተጠራ ስም

«ጾሙ ይፈታና ይነገራት።»

«አይሆንም፤ መርዶ የአደራ እህል ነው፤ ሲያድር...»

የቀረውን ዓይናለም አልሰማችውም፤ ወይም ሰምታው ከዘመን ብዛት ጠፍቷታል። ጉለሌ ነበር። ከመጋረጃ ጀርባ ተኝታለች ተብላ የተጋደመች ልጅ ነበረች። የመጀመሪያው ድምፅ የአጎቷ ነው፤ ሁለተኛው የነፍስ አባታቸው። ሁለቱ በሹክሹክታ ይከራከሩ የነበረው የአባቷ ሞት ለእናቷ መቼ ይነገር ብለው እንደሆነ የገባት አድጋ ነው። ቄሱ የአደራ እህል ሲያድር ምን ይሆናል እንዳሉ ግን እስከ ዛሬ ልታስታውሰው አልቻለችም።

ከፕራቲ ወደ ተርሚኒ የሚሄደው አውቶቡስ ወንዙን ሲሻገር ያ ወሬ ድንገት መጣባት፤ ለምን እንደመጣባት አላወቀችም። ገፋ አድርጋ ተወችው።

ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ፣ ለሮማ ደግሞ የጁቢሌዮ፣ የኢዮቤልዩ ዓመት ነበር። ከተማዋ ከዓለም ዙሪያ በመጣ ተሳላሚ ተጨናንቃለች። አንገታቸው ላይ ቢጫ ጨርቅ ያሰሩ አሮጊቶች አውቶቡሱን ሞልተው ይዘምራሉ። ዓይናለም በመካከላቸው ተጣብቃ፣ ነጠላዋን የያዘውን ፌስታል ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ከንፈሯን ታነቃንቃለች። ያያት ሁሉ የምትጸልይ ይመስለዋል። የምታጠናው ግን ንግግር ነበር።

«የተከበራችሁ የቅዱስ ኡራኤል መረዳጃ ዕድር አባላት...»

ዕለቱ ሐሙስ ነው፤ በኛ አቆጣጠር ደግሞ የጌታ ዕርገት። በሮማ ከሰው ቤት የምታድር ሠራተኛ የምትወጣው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ስለሆነ ዕድሩም ያለው በሐሙስ ነው። ጉባኤ ሐሙስ፣ የልጅ ልደት ሐሙስ፣ መርዶም ሐሙስ። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሳይቀድ ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰውየው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ በሩን ያንኳኳሉ። ሮማ ላይ በዚያ ሰዓት የሲኞራን፣ የአሠሪዋን እመቤት በር የሚያንኳኳ ማን ነው? ስለዚህ ሞቱም ሐሙስን ይጠብቃል። «ሐሙስ ቀደም ብለሽ ነይ» የተባለች ሴት ጥቁር ልብሷን ትፈልጋለች።

ዓይናለምን ግን ቀደም ብለሽ ነይ ያላት የለም። እሷ የተባለችው «ሻምበልን አንቺ ጠቁሚልን» ነው። በዕድሩ ልማድ በወንበሩ ላይ ያለው ፕሬዚደንት ዳግመኛ ሲቀርብ፣ የሚጠቁመው ሹመት ቀምሶ የማያውቅ አባል ነው። ሰው ፊት መናገር ቢያስፈራትም እሺ አለች፤ ሻምበልን ትወዳቸዋለች።

ማን የማይወዳቸው አለ? ሻምበል ወልደንኪኤል ደቀምሐረ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ በቀድሞው ጦር የመገናኛ መኮንን የነበሩ ሰው ናቸው። ጦሩ ሲበተን በሱዳን በኩል ወጡ፤ ሮማ ላይ የአንድ ትልቅ ሕንፃ ፖርቲዬሬ፣ በር ጠባቂ ሆኑ። ደረጃ ሲጠርጉ እንኳ ሸሚዛቸው እንደተተኮሰ ነው። ሁለቱ አገሮች ጦርነት ገጥመው በመካከላቸው ያለው ስልክ ከተቆረጠ ወዲህ፣ ከአስመራ ለአዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ለአስመራ የሚባል ነገር ሁሉ በእሳቸው የፖርቲኔሪያ፣ የበረኛ ቤት ስልክ ያልፋል። አስመራ ያለ ልጅ አዲስ አበባ ላለች እናቱ «ደህና ነኝ» የሚላት በሻምበል አፍ ነው። ከዚህም ከዚያም የመጣውን ሕዝብ በአንድ ዕድር ያቆዩት እሳቸው ናቸው ይባላል፤ ሐሰት አይደለም።

ዓይናለም ስለ ታናሽ ወንድሟ የምትጠይቀው እሳቸውን ነበር። መንበሩ የጦር መኪና ሾፌር ሆኖ ዘምቷል። ድምፁ ከጠፋ ዓመት አልፎታል። ቤተሰብ «ግንባር ነው፣ ስልክ የለም» ይላታል፤ ሻምበልም «ግንባር ስልክ የለም፣ ዓይናለም» ይሏታል። እሷም እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ የሕያዋንን ስም ሲጠሩ ጠጋ ብላ የመንበሩን የክርስትና ስም በጆሯቸው ትነግራለች። «ገብረ ኪዳንን በሰላም መልስልን» ይላሉ ቄሱ ጮክ ብለው። ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ሻምበል ሁልጊዜ የሚቆሙት ከፊት ስለሆነ የሳቸው አሜን ከሁሉ ቀድሞ ይሰማል።

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ስትደርስ መነኮሳቱ ለዕድሩ የሚያውሱት አዳራሽ በር ላይ አብረኸትን አገኘቻት። አብረኸት ከእናቷ የተወለደች ያህል የምትቀርባት፣ አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ የተማረች፣ ፓሪዮሊ ሰፈር አንድ ሽማግሌ የምታስታምም ሴት ናት። ጥቁር መነጽር አድርጋለች። ዓይናለም ልትስማት ጎንበስ ስትል ነጠላዋን አየችው። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሯል።

«ውይ በሞትኩት! አብረኸት፣ ማን ነው?»

«ግቢ። ገብተሽ ትሰሚያለሽ።»

«ንገሪኝ እንጂ፣ እኔ ሳልሰማ...»

«እኔም ሳልሰማ ነው የከረምኩት» አለችና ቀድማት ገባች።

አዳራሹ ሞቋል። ሴቶቹ ከኋላ ወንበር እየጎተቱ፣ ስለ ፔርሜሶ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ እድሳት እያወሩ፣ ይሳሳቃሉ። ግድግዳው ላይ የጁቢሌዮ ባንዲራ ከቅዱስ ኡራኤል ሥዕል ጎን ተሰቅሏል። ከፊት ጠረጴዛ ላይ የዕድሩ ማኅተም፣ አንድ ብርጭቆ ውሃና የአስመራጩ የአቶ ገብረሃና ባርኔጣ ተቀምጠዋል። አቶ ገብረሃና ሽማግሌ ናቸው፤ በንጉሡ ጊዜ የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ ይባላል። ሻምበል ከጎናቸው፣ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል።

«አሎራ፣ እንግዲህ ጉባኤው ተከፍቷል» አሉ አቶ ገብረሃና። «ፕሬዚደንታችን ሦስት ጊዜ ተመርጠዋል። ለአራተኛ ይቅረቡ ወይስ አይቅረቡ? መጀመሪያ እሱ ነው።»

«ምን ያጠያይቃል?» አለ ፍረዝጊ ከመሃል። የመኪና ጋራዥ ሠራተኛ ነው፤ አፉ አያርፍም። «ደርግን አሥራ ሰባት ዓመት ችለን ሻምበልን ስምንት ዓመት ያቅተናል?»

ሰው ሳቀ። ሻምበልም ፈገግ አሉ።

«ጠቋሚዋ ትምጣ» አሉ አቶ ገብረሃና።

ዓይናለም ተነሣች። «የተከበራችሁ» ብላ ሳትጨርስ ከበሩ አጠገብ ሌላ ድምፅ መጣ።

«ከድጋፍ በፊት ተቃውሞ ይሰማል። ደንቡ እንዲህ ነው የሚለው።»

አብረኸት ነበረች። መነጽሯን አውልቃለች፤ ዓይኗ ከማልቀስ ብዛት የሽፋሽፍቱ ዳር ቆስሏል። ዓይናለም ሳታስበው ቁጭ አለች።

«እሑድ ሳን ፒዬትሮ አደባባይ ነበርኩ» አለች አብረኸት፣ በቀስታ። «ሽማግሌዬ ጁቢሌዮ ልይ ብሎኝ በጋሪ እየገፋሁት። ከአስመራ የመጡ መነኮሳት አየሁ፣ በደስታ ሮጥኩ። አንዷ ወላጆቼን የምታውቅ ናት። አቀፈችኝና "እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ለደበሳይ ነፍስ ይማር" አለችኝ። ሳቅሁ። እግዜር ያያል፣ ሳቅሁ! ሰው ተሳስታ መሰለኝ። "የኔ ደበሳይ? ደህና ነው እኮ" አልኳት። እጄን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። "ወልደንኪኤል አልነገረሽም? በጾመ ነቢያት ደውለንለታል" አለች።»

ከኋላ ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ደበሳይን ከዚህ ቤት የማያውቀው ጥቂት ነው። የአብረኸት ታናሽ ወንድም፣ መርካቶ ጎማ ሲጠግን የኖረ፣ ጦርነቱ ሲነሣ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ወደ አስመራ የተሸኘ ልጅ። እሷ ለሱ ልብስ ትገዛ እንደነበር ዓይናለም ታውቃለች። ያለፈው ወር አብረው ከተርሚኒ አጠገብ ገበያ ሸሚዝ መርጠዋል። አንገቱ ስንት ነበር ተባብለው ሲከራከሩ ነበር።

«ለሞተ ሰው ሸሚዝ ገዛሁ» አለች አብረኸት። «ሻምበል ጋ ወስጄ "ሰው ሲገኝ ይላኩልኝ" አልኳቸው። ተቀበሉኝ። እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉኝ!» ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ስምንት ዓመት ሙሉ እርስዎ ስትላቸው የኖረችውን ሰው «አንተ» አለችው። «አንተ ሰውዬ፣ ሸሚዙን የት አደረግኸው?»

ሻምበል ተነሡ። የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«እኔ ጋ ነው» አሉ። «እውነት ነው። ከገና በፊት ነው የሰማሁት።»

ይክዳሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ሁሉ ደነገጠ። ክህደት ቢሆን ጩኸት ይከተለው ነበር፤ ለዚህ ግን ምን እንደሚባል ማንም አላወቀም።

«የሰብለወንጌልን ለቅሶ አስታውሱ» አሉ ሻምበል። «በዚህ ጦርነት መርዶ የደረሳት የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። በዚህችው አዳራሽ፣ ሐሙስ ቀን፣ ወግ ባለው መንገድ ነገርኳት። አስመራ የተወለደው ጎረቤቷ ሊያጽናና ሲገባ "ገዳዩ መጣ" ተብሎ ወንበር ተወረወረ። ሰው ተፈነከተ። መነኮሳቱ ቁልፋቸውን መልሱ አሉን። ያን ዕለት ማታ ፖርቲኔሪያዬ ድረስ መጥታችሁ ምን አላችሁኝ? "ሻምበል፣ ያ ጦርነት እዚህ እንዳይገባ ያድርጉልን" አላችሁኝ። አንተ ፍረዝጊ ነበርክ። አቶ ገብረሃና፣ እርስዎም ነበሩ። እኔ አስገብቼው አላውቅም። ደጄ ላይ አቆምኩት። ሰላም ሲወርድ ሁሉንም አንድ ቀን ልነግር፣ ሁላችሁም አብራችሁ እንድታለቅሱ፣ ከዚህም ከዚያም። መንግሥታቱስ የራሳቸውን ሙት መቼ ነገሩ?»

«ከመንግሥት ተማርኩ ነው የሚሉን?» አለች ሃርነት የተባለች ቀጭን ሴት ከጎን።

አቶ ገብረሃና ግን ሌላ ነገር ሰምተዋል። ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው ላይ አነሡትና ያዙት።

«ሻምበል፣ ሁሉንም አሉ። ሁሉንም ማለት ምንድን ነው? ከደበሳይ ሌላ አለ?»

ሻምበል የጃኬታቸውን ጫፍ ወደ ታች ሳቡ።

«አለ» አሉ።

ዓይናለም የፌስታሉን ጆሮ በጣቷ እየጠመዘዘች ነበር። ዙሪያዋን አየች። እናት፣ እህት፣ አክስት፣ ሁሉም ፊት አንድ ሆኗል። ትናንት በስልክ «ደህና ነው» የተባለው ሁሉ፣ ደህና ነው የተባለለት ሁሉ፣ በአንዴ ደህንነቱ ጠፋ።

«እኔስ?» አለ ፍረዝጊ። የሚቀልድበት ድምፁ ጠፍቶ የሕፃን ድምፅ ወጣው። «ሻምበል፣ የእኔ ልጅ?»

«ያንተ የለም። ልጅህ በሕይወት አለ።»

ፍረዝጊ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ወንበሩ ላይ ተደፋ። «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላል። ያኔ ነው ሁሉም የገባው። ለአንዱ የለም ከተባለ፣ ያልተባለለት አለ ማለት ነው።

«የእኔስ ሻምበል?» አለች ሃርነት።

«የለም።»

«የእኔስ?» አለች አንዲት ከኋላ የተቀመጠች ሴት። መዓዛ ናት፤ ሁለት ወንድሞቿ ዘምተውባታል።

ሻምበል አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አዩ።

«ሻምበል፣ የእኔስ ነው የምልዎት!»

«በቃ!» አቶ ገብረሃና በጡጫቸው ጠረጴዛውን መቱት፤ ብርጭቆው ተንገዳግዶ ውሃው ማኅተሙ ላይ ፈሰሰ። «በቃ! መርዶ በጥያቄና መልስ አይነገርም! እንደ ሎተሪ ዕጣ እያወጣን ነው እንዴ የምናለቅሰው? የሚጠይቅም የሚመልስም ከዚህ ይወጣል!»

መዓዛ አልጮኸችም። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት። ገና ያልተነገራትን ሐዘን ተሸክማ፣ እንባ ሳይኖራት፣ ዝም ብላ ተቀመጠች። ከጩኸት የከፋ ነበር።

ዓይናለም አልጠየቀችም። ሁለት ጊዜ ዓይኗን ወደ ሻምበል ላከች፣ ሁለት ጊዜም እሳቸው ሌላ ቦታ ሲያዩ አገኘቻቸው። በስምንት ዓመት ውስጥ ሻምበል ፊቷን ሳያዩ የቀሩበት ቀን አልነበረም። ከዚያ አምና ሁዳዴ ላይ የሆነው ትዝ አላት። ቄሱ «ገብረ ኪዳንን በሰላም መልስልን» ሲሉ የሻምበል አሜን ዘገየ። ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው አሜን ያን ዕለት ከሕዝቡ ኋላ ተጎተተ። ጉንፋን ይዟቸው ነው ብላ ነበር። ሎሚ ላከችላቸው።

አወቀች። ማንም ሳይነግራት አወቀች። ወለሉ ግን አልተከፈተም፣ ጣሪያውም አልወደቀም። ይህ ነበር ከሁሉ ያስደነገጣት።

«ወደ ጉዳያችን» አሉ አቶ ገብረሃና። «ይቅረቡ ወይስ አይቅረቡ?»

«ይቅረቡ እንጂ!» አለ አንድ ሰው። «እሳቸውን ብናወርድ ማን ያውቅልናል? የሰማው እሳቸው ናቸው። በወረቀት አልጻፉት፣ በጭንቅላታቸው ነው ያለው። ተቆጥተው ቢሄዱ የሙታናችንን ስም ይዘው ሄዱ ማለት ነው።»

«እኮ!» ሃርነት ብድግ አለች። «ሰምታችኋል ያለውን? ሙታናችንን ስለያዙ አናወርዳቸውም! ማንም ሰው ይኼን ያህል ነገር በእጁ ይዞ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም። ደግ ይሁን ክፉ፣ ምን አገባኝ!»

«ግን ዕድሩን አቆዩልን» አለ ፍረዝጊ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ሐቁን እንናገር። ሁለት ዓመት አብረን የበላነው እኮ ሳናውቅ ስለቆየን ነው።»

አንዳንዶች «ሐቅ ነው» አሉ። ክርክሩ ወደ ሻምበል ሊያዘነብል ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ዓይናለም ይህን አየች። ተነሣች። ነጠላዋን ከፌስታሉ አውጥታ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ሻምበልን ልጠቁም ነበር የመጣሁት» አለች። «በአውቶቡሱ ሙሉ ሳጠና ነበር። ያጠናሁት አሁንም ውሸት አይደለም። ደግ ሰው ናቸው። ስታመም አስታመውኛል፣ ፔርሜሶዬን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ቀላል ነበር፤ ሰድበናቸው እናወርዳቸው ነበር።»

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ዓይናለም ሰው ፊት ስትናገር አይተው አያውቁም።

«እኔ የተማርኩ አይደለሁም። የምሰማውን ነው የማውቀው። እሑድ እሑድ ስም ስንጠራ ትሰማላችሁ። ሕያው በሕያዋን ወገን ይጠራል፣ ሙት በሙታን ወገን። ለሕያው በሰላም መልሰው ይባላል፤ ለሙት ነፍሱን ማር ይባላል። ጸሎቱ ሁለት ነው። እኛ መካከል ለሞተ ሰው በሰላም መልሰው እያለች ስንት እሑድ የተንበረከከች ሴት አለች። ፍትሐት ሲገባው፣ አርባው ሲታሰብ፣ እህቱ እንደ ሌላው ሁሉ ቆማ ነፍስ ይማር ልትለው ሲገባት፣ እሷ መንገዱን አቅናለት ትላለች። የምን መንገድ? እሱ መንገዱን ጨርሷል። ብቻውን ነው የጨረሰው። ሻምበልም ከጎኗ ቆመው አሜን አሉ።»

ቆመው የቆዩት ሻምበል ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ያ አሜን ነው እኔን ያስፈራኝ። ዝም ማለትስ ይሁን፤ ሰው ፈርቶ ዝም ይላል። ይኼ ግን ማን ዛሬ ያልቅስ፣ ማን ዛሬ ይሳቅ ብሎ መቁረጥ ነው። ይኼን ሥልጣን እኛ አልሰጠናቸውም። በደንባችንም የለም። ቢኖር እንኳ ልንሰጥ አንችልም፣ የእኛ አይደለም፤ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፍረዝጊ ሳናውቅ በመቆየታችን አብረን በላን አለ። እውነቱን ነው። ታዲያ አብረን ያበላን ዕድሩ ነው ወይስ አለማወቃችን? ነገሩን አውቀን አንድ ላይ መቀመጥ ካልቻልን ዕድር የለንም ማለት ነው፤ ሻምበል ያቆዩልን ወንበሮቹን ነው። ሰላም ሲወርድ እነግራለሁ ይላሉ። ሰላም ሲወርድ ሰው ሁሉ እልል ሲል እኛ ያኔ ነጠላችንን እናዘቅዝቅ?» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ልጅ ሆኜ አንድ ቄስ መርዶ የአደራ እህል ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሲያድር ምን እንደሚሆን አልሰማሁም ነበር። ዛሬ መዓዛን አይቼ ገባኝ፤ ከውስጥ ይነቅዛል። የእኔን አልጠየቅሁም። አልጠይቅምም። ሻምበል እንዳይመረጡ ነው የምለው።»

ተቀመጠች። ሻምበል ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩዋት፤ ወዲያውም አቀረቀሩ። የቀረች ጥርጣሬ ካለች እሷም እዚያ ላይ አለቀች።

አቶ ገብረሃና ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። «አይመረጡ የምትሉ፣ እጅ።»

የአብረኸት እጅ ቀደመ። የሃርነት፣ የመዓዛ፣ ከኋላ ያሉት ሴቶች ሁሉ። ፍረዝጊ ጥቂት አመነታና እያለቀሰ አወጣ። እጆቹ አየር ላይ ሳሉ ሻምበል ወልደንኪኤልም ቀስ ብለው ቀኝ እጃቸውን አነሡ። እንደ መሐላ ዘርግተው ያዙት። በቤተ ክርስቲያን አሜናቸው ከሁሉ ይቀድም የነበረው ሰው፣ በራሳቸው ላይ ያነሡት እጅ ከሁሉ የኋላ ነበር።

«እንግዲህ ወርደዋል» አሉ አቶ ገብረሃና። የረጠበውን ማኅተም በመሐረባቸው ጠረጉት። «ማኅተሙን የሚረከብ አይጠፋም። የከበደው ርክክብ ሌላኛው ነው። ሻምበል የያዙትን ስም ማን ይቀበላል? ተቀብሎስ ማን ያደርሳል?»

ሰው ወለል ወለሉን አየ። ቅድም እጁን ያላወጣ አልነበረም፤ አሁን እጁን ከኪሱ የሚያወጣ ጠፋ። ወንዶቹ ሥራ ጠቀሱ። አንዱ «ቄሱ ይሁኑ» አለ። ሌላው «እስከ ሐሙስ እንሰብበትና» ሲል አብረኸት በቁጣ ዞረችበት።

«እስከ ሐሙስ! ደግሞ እስከ ሐሙስ?»

«እኔ እቀበላለሁ» አለች ዓይናለም።

አብረኸት ክንዷን ያዘቻት። «አንቺ? አንቺማ አይሆንም። ምናልባት አንቺም... ዓይናለም፣ ምናልባት...»

«አውቃለሁ፣ አብረኸት። ለዚህ ነው የምቀበለው። የሌላው ሰው መርዶ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን ከእንግዲህ አይጠፋኝም።» ወደ ጠረጴዛው ዞረች። «ግን ሐሙስ አልጠብቅም። ነገ ጎህ ሲቀድ በየቤታቸው እሄዳለሁ፣ እንደ አገራችን።»

«በየሲኞራው ቤት?» አለ ፍረዝጊ። «በዚያ ሰዓት የበሩን ቺቶፎኖ ደውለሽ? ፖሊስ ይጠሩብሻል እኮ። ሴቶቹንም ከሥራ ያባርሯቸዋል።»

«ይደወላል። ሲኞራዎቹም እናት አላቸው። የሚያባርር ካለ ያን ጊዜ ዕድር ለምን እንዳለን እናያለን።»

ፍረዝጊ ራሱን አከከ። «ቫ ቤኔ፣ እሺ። ቺንኩዌቼንቶዋ መኪናዬ አለች። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን አጥፈው ከተቀመጡ ከእኔ ሌላ ሦስት ሰው ትይዛለች።»

ማንም አልሳቀም፤ ግን አቶ ገብረሃና «እኔ አንዱ ነኝ» አሉ፤ አብረኸትም «ሁለተኛዋ እኔ፤ ከኛ ወገንም ከነሱ ወገንም አብረን እንግባ» አለች። መዓዛን ያን ምሽት ወደ ሲኞራዋ ቤት እንዳትመለስ ሃርነት እጇን ይዛ ወሰደቻት።

መነኮሳቱ ትርፍ ወንበር የሚያስቀምጡባት ክፍል ከአዳራሹ ጀርባ ናት። ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ በትንሿ መስኮት ገብቶ በተደራረቡት ወንበሮች ላይ አርፏል። ሻምበል ቆመዋል። የደበሳይ ሸሚዝ በበረኛ ቤታቸው መሳቢያ ውስጥ እንደታጠፈ እንዳለ ነግረዋታል፤ ነገ ለአብረኸት ሊያመጡት። ሸሚዛቸው እንደ ወትሮው የተተኮሰ ነው፤ ከሱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ግን በአንድ ከሰዓት አርጅቷል።

«ዓይናለም» አሉ። «ይቅር በይኝ አልልሽም። ገና ሳልነግርሽ ይቅርታ መጠየቅ...»

«አሁን አይደለም፣ ሻምበል።»

«ታዲያ ካንቺ ልጀምር። ግዴታዬ ነው። አምና ከሁዳዴ መግቢያ ጀምሮ...»

እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፤ እንደ ማገድ። ከአዳራሹ አብረኸት ወንበር ስታነሣ ይሰማል፤ ወንበሮቹን ለነገ ለቅሶ በክብ እየደረደረች ነው።

«የእኔን መጨረሻ ያድርጉት» አለች። «የሌሎቹን ስም፣ ሰፈሩን፣ የአሠሪዎቻቸውን በር አንድ በአንድ ይንገሩኝ፤ በደንብ ልስማ። ነገ ደጃቸው ስደርስ ዓይኔ ማየት፣ አፌም መናገር አለበት። የመጨረሻው በር ተንኳኩቶ ሲያበቃ፣ እዚያው መንገድ ላይ ይሁን፣ ያኔ መጥተው የገብረ ኪዳንን ይነግሩኛል። ያን ጊዜ አብረውኝ ይቆማሉ።»

ሻምበል ወልደንኪኤል እንደ ወታደር ተረከዛቸውን ገጠሙ፤ ድምፅ አልነበረውም፤ ጫማቸው የጎማ ነው።

«እሺ» አሉ። «እቆማለሁ።»

ጠጋ አሉና የመጀመሪያውን ስም በጆሮዋ ነገሯት።